ባለ ሁለት ሒጅራ ሴቶች፦ ከነጃሺ ችሎት እስከ ጎንደርና መተማ መንገድ

መግቢያ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ መተማ ቆላ የሚወርደው መንገድ የነጋዴ፣ የሐጃጅና የስደተኛ መንገድ ሆኖ ኖሯል። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሃይማኖታቸውን እንዲለውጡ የታዘዙ የጎንደር ሙስሊም ቤተሰቦች በዚህ መንገድ ቁልቁል ወርደዋል። ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ ደግሞ የሱዳን ጦርነት ያፈናቀላቸው ሰዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት የሆኑ፣ ያንኑ ድንበር ተሻግረው ሽቅብ መጥተዋል። (በዚህ ጽሑፍ ሒጅራ ተብለው ካልተለዩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በእነዚህ ስደቶች ውስጥ ሴቷ የት ናት? ጥያቄው የታሪክም የሕግም ጥያቄ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ማንን በስም እንደሚጠራ፣ ዳኛው የማንን ስጋት እንደ ስጋት እንደሚቆጥር የሚወስነው ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ነው። ካለፉት አርባ ዓመታት ወዲህ የሴቶችን ልምድ መነሻ ያደረጉ የሕግ ምሁራን ዓለም አቀፉን የስደተኞች ሕግ በዚህ ዓይን ሲመረምሩት ቆይተዋል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ በእስልምና የመጀመሪያ ዘመን ምንጮች ውስጥ ሴቷ የስደት ባለቤት፣ የስደት ተራኪና ጥገኝነት ሰጪ ሆና ትገኛለች፤ የኋለኛው ዘመን ሕግና የአካባቢያችን የታሪክ አጻጻፍ ግን ይህን ቦታዋን አሳንሰውታል። የጎንደርና የሰሜን ጎንደር ደጋ ታሪክ ለዚህ ማሳያ ይሆናል።

የሐበሻ ሒጅራ ሴቶች

በ615 ገደማ ከመካ ወደ ሐበሻ ከተነሣው የመጀመሪያ ቡድን ውስጥ ኢብን ኢስሐቅ አራት ሴቶችን ይጠቅሳል፦ የነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ሩቀያ፣ ሰህላ ቢንት ሱሀይል፣ ኡሙ ሰለማ እና ለይላ ቢንት አቢ ሐሥማ (ረ.ዐ.)። አራቱም ወደ ዝርዝሩ የገቡት ከባሎቻቸው ስም ቀጥሎ ነው። በኋላ የተከተሉት ተደምረው የስደተኞቹ ብዛት ሲነገርም ድምሩ የተሰጠው በወንዶች ነው፤ 83 ወንዶች። ሴቶቹ በየባሎቻቸው ስም ሥር ይገኛሉ እንጂ በድምሩ ውስጥ የሉም።

ይሁን እንጂ ከዝርዝሩ ወደ ትረካው ስናልፍ ነገሩ ይለወጣል። በነጃሺ ፊት ስለተካሄደው ችሎት ዛሬ የምናውቀው ዋናው ዘገባ ኢብን ኢስሐቅ በዙህሪ በኩል ተቀብሎ ወደ ኡሙ ሰለማ የሚያደርሰው ነው። የቁረይሽ መልእክተኞች ለንጉሡ ባለሟሎች ያከፋፈሉትን ስጦታ፣ ስደተኞቹ ሳይደመጡ ተላልፈው እንዲሰጡ የቀረበውን ምክር፣ የንጉሡን እምቢታና የጀዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብን ንግግር የምንሰማው ከእኚህ ሴት አንደበት ነው። አስተናጋጁ ንጉሥ ተቀናቃኝ በተነሣበት ጊዜ ስደተኞቹ ምን ያህል እንደተጨነቁና ወጣቱ ዙበይር በተነፋ አቁማዳ ዐባይን ዋኝቶ ወሬ እንዳመጣላቸውም የነገሩን እርሳቸው ናቸው። ስደተኛ የራሱን አገር ትቶ በሰው አገር ሰላም ላይ የሚንጠለጠል መሆኑን በዚህ ዘገባ ልክ የሚያሳይ ጥንታዊ ምስክርነት ጥቂት ነው።

ሁለተኛዋ ምስክር አስማ ቢንት ዑመይስ ናቸው። በሐበሻ ልጆች ወልደው አሳደጉ፤ በ7ኛው ዓመተ ሒጅራ ከባላቸው ከጀዕፈር ጋር በመርከብ ተመለሱ። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ.) በሐፍሷ ቤት አግኝተዋቸው በመዲና ሒጅራ ስለቀደምን ለአላህ መልእክተኛ ከእናንተ ይልቅ እኛ ቅርብ ነን የሚል ቃል በተናገሯቸው ጊዜ አስማ ዝም አላሉም። እናንተ ከነብዩ ጋር ሆናችሁ የተራበው ሲመገብ፣ ያላወቀው ሲማር እኛ በሩቅ ባዕድ ምድር እንንገላታ ነበር ብለው ተቆጡ፤ ነገሩንም ራሳቸው ለነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አቀረቡ። የተሰጣቸው ፍርድ ዑመርና ባልደረቦቻቸው አንድ ሒጅራ፣ የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሒጅራ አላቸው የሚል ነበር። ከሐበሻ የተመለሱትም ቃሉን ለመስማት ተራ በተራ ወደ አስማ ይመጡ እንደነበር ዘገባው ይጨምራል። እዚህ ላይ የስደተኞችን ክብር የተከራከረችላቸው ሴት ናት፤ የተፈረደላት ግን ለሁሉም ነው።

ሦስተኛዋ ኡሙ ሐቢባ ናቸው። በምንጮቹ እንደሚተረከው ባላቸው ዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ በሐበሻ ሃይማኖቱን ለውጦ እዚያው ሞተ። እርሳቸውም ሴት ልጅ ይዘው፣ አባታቸው አቡ ሱፍያን በመካ የተቃዋሚዎች አለቃ ሆኖ ሳለ፣ በሰው አገር ብቻቸውን ቀሩ። ወደ አባታቸው ቢመለሱ እምነታቸውን ያጣሉ፤ ቢቀሩ የሚጠጉበት ባል የለም። ኡሙ ሐቢባ መቅረትን መረጡ። በኋላ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በወኪል አጯቸው፤ መህሩንም ነጃሺ ራሱ ከፈለ። ዘመናዊው ሕግ ‹‹ብቻዋን ያለች ስደተኛ›› ብሎ የሚመዘግባት ሴት በሲራው ውስጥ ስም፣ ውሳኔና ክብር ያላት ሰው ሆና ትታያለች።

ስደት ቤተሰብን እንደሚበትንም ከኡሙ ሰለማ ሁለተኛ ታሪክ እንረዳለን። ወደ መዲና ሲነሡ የእርሳቸው ጎሳ እርሳቸውን አስቀራቸው፤ የባላቸው ጎሳ ሕፃኑን ነጠቃቸው፤ ባላቸው ብቻውን ሄደ። አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በየቀኑ ወደ አብጠሕ እየወጡ ሲያለቅሱ ከረሙ፤ በመጨረሻም ልጃቸው ተመልሶላቸው ግመል ላይ ተቀምጠው ወጡ። ይህ ታሪክ ዛሬ ‹‹ቤተሰብን የማገናኘት መብት›› የሚባለው ነገር ከየት እንደሚነሣ ያሳያል።

ያልተመለሰችው ስደተኛና ጥገኝነት ሰጪዋ ሴት

በ6ኛው ዓመተ ሒጅራ (628) የተፈረመው የሑደይቢያ ውል ከመካ ያለ አሳዳጊው ፈቃድ የመጣ ሰው እንዲመለስ ያስገድድ ነበር። አቡ ጀንደል በሰንሰለት እንደታሰረ መጥቶ ተመልሷል። ከዚያ በኋላ ኡሙ ኩልሡም ቢንት ዑቅባ ከመካ ወጥታ መዲና ደረሰች፤ ሁለት ወንድሞቿም ውሉን ጠቅሰው ሊወስዷት መጡ። የሱረቱል ሙምተሒና 10ኛ አንቀጽ የተያያዘው ከዚህ ሁኔታ ጋር ነው። አንቀጹ ስደተኛ ሆነው የሚመጡ አማኝ ሴቶች እንዲመረመሩ፣ እምነታቸው ከታወቀም ወደ አሳዳጆቻቸው እንዳይመለሱ ያዝዛል፤ ባሎች ያወጡት ገንዘብ እንዲተካም ይደነግጋል።

ሊቃውንቱ ውሉ ከመነሻው ሴቶችን አያካትትም ነበር ወይስ አንቀጹ በእነርሱ ረገድ ሻረው በሚለው ላይ ተከራክረዋል። በሁለቱም አስተያየት ግን ሦስት ነጥቦች ይጸናሉ። የሴቷ ጉዳይ በራሷ ቃል ተመረመረ እንጂ በወንድሞቿ ቃል አልተወሰነም። ለወንዱ ያልተሰጠ ጥበቃ ለእርሷ ተሰጣት፤ ምክንያቱም ብትመለስ የሚጠብቃት ጫና የተለየ ነው። ብቻዋን መጓዟም ክስ አልሆነባትም፤ ፉቀሃእ ከጥቃት የምትሸሽ ሴት ያለ መሕረም ልትሰደድ እንደምትችል ሲያስረዱ የጠቀሱት የእርሷን ታሪክ ነው።

በ8ኛው ዓመተ ሒጅራ መካ ስትከፈት ደግሞ ሴቷ በሌላ ቦታ ትታያለች። ኡሙ ሃኒእ በቤታቸው ለተጠጉ የባላቸው ዘመዶች አማን ሰጡ፤ ወንድማቸው ዐሊይ (ረ.ዐ.) ሊገድሏቸው ፈለጉ፤ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) የኡሙ ሃኒእን አማን አጸኑት። ኢብኑል ሙንዚር የሴት አማን የጸና መሆኑ የሊቃውንት ስምምነት ያለበት ጉዳይ እንደሆነ ይናገራል። ከማሊኪያ ሊቃውንት ኢብኑል ማጂሹን ግን በመሪው ፈቃድ ላይ የሚመሠረት አድርጎታል። ልዩነቱ ሊደበቅ አይገባም፤ የፊቅህ ቅርሳችን ሴቷን በሙሉ ሥልጣን የተቀበለበትም፣ ሥልጣኗን ያጠበበበትም ጊዜ አለ። የሙምተሒና አንቀጽ ጥበቃ የተመሠረተው በእምነት ላይ መሆኑንም ዘንግተን የዛሬውን ዓለም አቀፍ ሕግ በቀጥታ ከእርሱ ማውጣት አንችልም። መነሻውን መርህ ማየት ግን እንችላለን፤ የተሰደደች ሴት ራሷ ትደመጥ፣ ወደ አደጋዋ አትመለስ።

ጎንደር፦ ዐዋጁ ወደ ጓዳ ሲገባ

በፋሲለደስ ዘመን፣ በ1636 ገደማ፣ የቋሚ ቤተ መንግሥት መቀመጫ የሆነችው ጎንደር ከመጀመሪያው የሙስሊም ነጋዴዎችና ባለ እጆች ከተማም ነበረች። በ1668 በቀዳማዊ ዮሐንስ ዘመን የተካሄደው ጉባኤ ግን አብሮ መኖርን በዐዋጅ ለየው። ፍራንኮች ወይ እንዲለወጡ ወይ እንዲወጡ፣ ሙስሊሞችና ቤተ እስራኤላውያን ደግሞ ከክርስቲያኖች ተለይተው በየራሳቸው መንደር እንዲሰፍሩ ተወሰነ። ትእዛዙ በ1678 እንደገና ታደሰ። በቀሃ ወንዝ አጠገብ በከተማዋ ዝቅተኛ ክፍል የተመሠረተው እስላም ቤት፣ በኋላም አዲስ ዓለም የተባለው ሰፈር፣ የዚህ ውሳኔ ውጤት ነው።

ይህን ዐዋጅ በሴቶች ዓይን ብናነበው ከመሬት አልፎ የቤት ጉዳይ መሆኑ ይታያል። ክርስቲያን በሙስሊም ቤት ማገልገልን ከልክሏል፤ በባልና ሚስትነት አብሮ መኖርም በውሳኔው ውስጥ ተካቷል። ስለዚህ በአንድ ጉባኤ ቃል የአገልጋይዋ እንጀራ ይቋረጣል፤ ከሌላ እምነት ባል ያገባች ሴት ትዳርም ይፈርሳል። ዜና መዋዕሉ የመዘገበው ንጉሡን፣ ጳጳሱንና ሊቃውንቱን ነው። በማግስቱ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው እቃዋን ተሸክማ የሄደችው ሴት በዚያ መዝገብ ውስጥ ስም የላትም።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ጎንደር በደረሰ ጊዜ የሙስሊሙ ሰፈር ነዋሪዎች ታታሪዎች መሆናቸውን፣ ብዙዎቹም የንጉሡንና የመኳንንቱን ጓዝና የዘመቻ ዕቃ የሚጠብቁ መሆናቸውን ጽፏል። መለየቱ ከአገልግሎት አላስወጣቸውም፤ ዋስትናቸውን ግን በቤተ መንግሥቱ ፈቃድ ላይ አንጠልጥሎታል። ይህም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታየ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1864 ሙስሊሞች ክርስትናን እንዲቀበሉ አዘዙ፤ በ1866 ደግሞ ጎንደር ራሷ በሠራዊታቸው ተዘረፈች፤ ተቃጠለችም። በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በወሎ ቦሩ ሜዳ ያስተላለፉት ውሳኔ ትእዛዙን በሰፊው መለሰው። በወሎ ሼኽ ጦልሓ ኢብን ጀዕፈር ተቃውሞውን መሩ፤ ከጎንደር ደግሞ ብዙዎች ወደ መተማና ከዚያም ወደ ሱዳን ምድር ሸሹ። አብዱሰመድ አህመድ ከ1864 እስከ 1941 ስለነበሩት የጎንደር ሙስሊሞች ያቀረበው ጥናት ይህን ዘመን ለማወቅ መሠረት ሆኖናል።

በዚህ ዘመን የነበሩት ምርጫዎች ሦስት ናቸው፦ መሰደድ፣ መቃወም፣ ወይም በአደባባይ ተለውጦ በቤት እምነትን መጠበቅ። ሦስተኛው ምርጫ በታሪካችን እንደ ድክመት በፍጥነት ይታለፋል። ነገር ግን በአገራችን ሙስሊምና ክርስቲያን የሚለዩት በመጀመሪያ በምን ነበር? በሥጋው እርድ፣ በልጁ ስም፣ በጾሙ ምግብ፣ በጋብቻውና በቀብሩ። ይህ ሁሉ የቤት ሥራ ነው፤ ቤቱም በዚያ ማኅበረሰብ የሴቷ የሥራ መስክ ነበር። ለልጇ ሁለት ስም የምታወጣ፣ በረመዳን ሌሊት ጎረቤት ሳይሰማ ሱሑር የምታሰናዳ እናት በዐዋጁ ፊት የቆመች ሰው ናት። ተቃውሞን በጦር ሜዳ ብቻ የምንፈልግ ከሆነ ይህን አናየውም።

ታማኝ ለመሆን ደግሞ ተከታዩን ገጽ ማንበብ አለብን። በጥር 1888 በሐምዳን አቡ አንጃ የሚመራው የማህዲስት ጦር የንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሠራዊት በሳር ውሃ ድል አድርጎ ጎንደር ገባ። አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሴቶችና ሕፃናትን ጨምሮ ብዙ ሰዎች ተማርከው ወደ ሱዳን ተወሰዱ። ለባርነት የተዳረጉት የጎንደር ክርስቲያን ሴቶች በዚያው የመተማ መንገድ ነው የወረዱት። ከአሥር ዓመት በፊት ሙስሊሟ በመስቀል ስም የተሰደደችበት መንገድ ክርስቲያኗ በጨረቃ ስም የተነዳችበት ሆነ። በዚሁ ወቅት የጀመረው ክፉ ቀን፣ ከ1888 እስከ 1892 ሰውና ከብት የፈጀው ረኃብ፣ የቀሩትን በትኗል። የራሱን ቁስል ብቻ የሚቆጥር ታሪክ ከአማን ሕግ ጋር አይስማማም፤ ኡሙ ሃኒእ አማን የሰጡት ለወዳጅ ጦር አልነበረምና።

መንገዱ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመንም አላረፈም። በ1984 እና 1985 ከጎንደር ገጠሮች የተነሡ ቤተ እስራኤላውያን ወደ ሱዳን ተሰደው ብዙዎቹ በመንገድና በኡም ራኩባ ሰፈር ሞተዋል።

የ1951ዱ ስምምነት ዝምታና የሴቶች ሂስ

ዘመናዊው የስደተኞች ሕግ የተመሠረተው በ1951 በጄኔቫ በተፈረመው ስምምነት ነው። ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ቡድን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ የተነሣ መሳደድን በበቂ ምክንያት የሚፈራ ሰው ነው። ጾታ በዝርዝሩ የለም። በጉባኤው ላይ የዩጎዝላቪያ መልእክተኛ አድልዎን በሚከለክለው አንቀጽ ጾታ እንዲጨመር ሐሳብ አቅርበው ነበር፤ ተቀባይነት አላገኘም። የወቅቱ የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ከፍተኛ ኮሚሽነር ቫን ሂውቨን ኹድሃርትም በጾታ ምክንያት የሚሳደድ ሰው ስለመኖሩ ጥርጣሬያቸውን ገልጸዋል።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዶሪን ኢንድራና ዣክሊን ግሬትባችን የመሳሰሉ ጸሐፍት የዚህን ዝምታ ዋጋ አሳዩ። ሕጉ በአእምሮው የሣለው ስደተኛ በአደባባይ ተናግሮ የታሰረ ወንድ ነው። ሸማቂን የደበቀች፣ ስንቅ ያቀበለች፣ መልእክት ያደረሰች ሴት ‹‹ፖለቲካ አልሠራችም›› ትባላለች። የተደፈረችው ሴት ጥቃት ‹‹የግል ጉዳይ›› ይሆናል። ከቤተሰቧ ያመለጠችም ‹‹የቤት ጠብ›› ነው ተብላ ትመለሳለች።

ለሲራ አንባቢ ይህ ሂስ እንግዳ አይደለም። አስማ ቢንት አቢ በክር በሠውር ዋሻ ለተሸሸጉት ነብይና ለአባታቸው ምግብ ያቀብሉ ነበር። ስንቁን የሚያስሩበት ቢያጡ መታጠቂያቸውን ሁለት አድርገው ቀደዱ፤ ‹‹የሁለቱ መታጠቂያዎች ባለቤት›› የሚለውን ስም ያገኙት በዚህ ነው። አቡ ጀህል አባትሽ የት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው አልናገርም በማለታቸው በጥፊ መታቸው። አሳዳጁ ራሱ ሥራቸው ተራ የቤት ሥራ አለመሆኑን ተረድቶ ነበር። ሕጉ ለመረዳት ብዙ ዓመት ፈጀበት። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን በ1991 ስለ ሴት ስደተኞች ጥበቃ፣ በ2002 ደግሞ በጾታ ምክንያት ስለሚደርስ መሳደድ መመሪያ አወጣ፤ ካናዳም በ1993 የራሷን መመሪያ በማውጣት ቀድማለች።

አፍሪካ የራሷን ድርሻ አበርክታለች። በመስከረም 1969 በአዲስ አበባ የጸደቀው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት ከጦርነትና ከከባድ የሕዝብ ጸጥታ መደፍረስ የሸሸውንም ስደተኛ ብሎ ይቀበላል። የ2009ኙ የካምፓላ ስምምነት ደግሞ ድንበር ሳይሻገሩ በአገራቸው ውስጥ ለተፈናቀሉት ቆሟል፤ ኢትዮጵያም በ2020 አጽድቃዋለች። በ2019 የወጣው የስደተኞች ዐዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኞች የመሥራትና የመንቀሳቀስ መብት በሩን ከፍቷል። ሕጉ ስለተጻፈ ግን ሴቷ ተጠብቃለች ማለት አይደለም።

ዳባትና መተማ፦ የዛሬው ችሎት

በ2021 በሰሜን ጎንደር ዳባት ወረዳ ዓለምዋጭ የተባለ የስደተኞች ሰፈር ተከፈተ። ከኤርትራ ተሰደው በትግራይ መጠለያዎች ሲኖሩ ጦርነት ያገኛቸው ሰዎች ዳግመኛ ተፈናቅለው በዚህ ደጋ ሰፈሩ፤ በአስማ ቢንት ዑመይስ አነጋገር እነርሱም ባለ ሁለት ሒጅራ ናቸው። የሰፈሩ አካባቢ ራሱም በዚያው ዓመት በጦርነቱ የተጎዳ፣ የራሱ ተፈናቃዮች የነበሩት ምድር ነው። በመተማ በኩል የመጡት ሱዳናውያን ደግሞ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች ሰፈሩ። በግንቦት 2024 ከአንድ ሺህ የሚበልጡት ዘረፋና ጥቃት ስላሰጋቸው መጠለያውን ለቅቀው በእግራቸው ወጥተው በመንገድ ዳር ጫካ ውስጥ ቆይተዋል። ከእነርሱ መካከል ሕፃናት የያዙ እናቶች ነበሩ። ኡሙ ሰለማ ስለ አስተናጋጁ አገር ሰላም የነገሩን ጭንቀት በዚያ ጫካ ውስጥ ነበር።

ከዚህ ታሪክ ለዛሬ የሚተርፉ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው ምዝገባ ነው። ሴቷ በባሏ ወይም በወንድሟ ስም ሥር ብቻ ስትመዘገብ ራሽኑም፣ ሰነዱም፣ የመናገር ዕድሉም በእርሱ እጅ ይሆናል፤ ትተውት ቢሄዱ ወይም ቢሞት እርሷ ከመዝገቡ ትጠፋለች። የስደተኞች ኮሚሽን በ2001 ለሴት ስደተኞች ከገባቸው አምስት ግዴታዎች አንዱ ሴቶችን በየግላቸው መመዝገብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው መደመጥ ነው፤ የሙምተሒና አንቀጽ ያዘዘው ምርመራ የሴቷን ቃል ከራሷ መስማት ነውና። ሦስተኛው የአስተናጋጁ ድርሻ ነው። አማን የመንግሥት ሥራ ብቻ ሆኖ አያውቅም። የጎንደር፣ የአይከልና የዳባት ቤቶች፣ መስጊዶችና አብያተ ክርስቲያናት የሚሰጡት ጥገኝነት የኡሙ ሃኒእ ቤት ታሪክ ቀጣይ ነው።

መደምደሚያ

የነጃሺን ፍትሕ ስንተርክ በኩራት እንተርካለን፤ ይገባልም። ታሪኩን ያቆየችልን ግን ራሷ በዚያ ችሎት ዕጣዋ የተወሰነባት ስደተኛ ሴት መሆኗን እምብዛም አናነሣም። በአዲስ ዓለም ሰፈርና በመተማ ዛሬም አያቶቻቸው እንዴት እንደሸሹ፣ እንዴት እንደተመለሱ የሚያስታውሱ አሮጊቶች አሉ። የእነዚህን እናቶች ትረካ መቅዳት፣ ስማቸውን ከነአገራቸው መመዝገብና ከዜና መዋዕሉ ጎን ማስቀመጥ ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ለሰፈሩ ሽማግሌዎችና ለመድረሳዎቻችን የተተወ አስቸኳይ ሥራ ነው። ቀደምት የሐዲስ ሰዎች ከኡሙ ሰለማ ለመስማት ባይጠይቁ ኖሮ እኛም ስለ ነጃሺ ችሎት የምናውቀው እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር። ዛሬ በዳባትና በመተማ ካሉት ሴቶች የሚሰማ ከሌለም ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጻፈው ታሪክ እንደ ቀድሞው ዝርዝር የወንዶችን ድምር ብቻ ይዞ ይቀራል። ወሏሁ አዕለም።